ያውቁ ኖሯል? የካርቱን መኪኖች እውነተኛ ዘመዶች፣ ከካንሳስ እስከ ቆሼ

በካርቱን ፊልም የሚያወሩ፣ የሚስቁና የሚያኮርፉ መኪኖች ከሐሳብ ብቻ የተሣሉ አይደሉም። ከአብዛኞቹ ጀርባ ሞዴልና የምርት ዓመት ያለው፣ ጭነት የጎተተ፣ ወታደር ያመላለሰ ወይም ቆሻሻ የጫነ እውነተኛ መኪና አለ። አንዳንዶቹ ወይም የቅርብ ዘመዶቻቸው በአገራችን መንገድም ተመላልሰዋል። የዛሬው ዓምዳችን እነዚህን ባለውለታዎች በስማቸው ይጠራል፤ መድረሻውም ኮልፌ ቀራንዮ፣ ቆሼ ነው።

ፊት የተሰጣቸው

● “ካርስ” በተሰኘው የፒክሳር ፊልም (እ.ኤ.አ. 2006) ላይ ያለው ዝገታሙ ጎታች መኪና ሜተር፣ መነሻው የ1951 ሞዴል ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር ኤል-170 መሆኑን ያውቁ ኖሯል? የፊልሙ ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 የድሮውን የአሜሪካ አውራ ጎዳና ሩት 66 ተከትለው ሲጓዙ፣ በካንሳስ ግዛት ጋሊና በምትባል ከተማ ሥራ ፈቶ ቆሞ አገኙት። በማዕድን ማውጫ አካባቢ ከባድ ዕቃ ያነሣ የነበረ ባለ ክሬን መኪና ነው። ዛሬ በዚያችው ከተማ በአንድ የድሮ ነዳጅ ማደያ ደጃፍ ቆሞ ጎብኚ ይቀበላል።

● የሜተር ታርጋ “ኤ113” ይላል። ይህ በካሊፎርኒያ የሥነ ጥበብ ተቋም ውስጥ ብዙ የፒክሳር ሠዓሊዎች አኒሜሽን የተማሩበት ክፍል ቁጥር ነው። የተማሩበትን ክፍል በየፊልማቸው አንድ ቦታ ላይ ያስቀምጡታል።

● የ“ካርስ” መኪኖች ዓይናቸው በፊት መብራታቸው ላይ ሳይሆን በፊት መስታወታቸው ላይ ነው። ሐሳቡ የተወሰደው ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1952 ከሠራው “ሱዚ፣ ትንሿ ሰማያዊ መኪና” ከሚባል አጭር ፊልም ነው። ዓይን መብራት ላይ ሲሆን ከአፍ ጋር ይጠጋጋና ፊቱ የእባብ ይመስላል። መስታወት ላይ ሲወጣ ግን መላው መኪና ራስና ፊት ያለው ፍጡር ይሆናል።

● ሠዓሊዎቹ አንድ ጥብቅ ደንብ ነበራቸው፤ ብረት እንደ ላስቲክ አይተጣጠፍም። በዚህ ምክንያት እያንዳንዱ መኪና የሚንቀሳቀሰው በእውነተኛ ክብደቱ ልክ ነው። አሮጌው ጎታች ሲሄድ ይንገጫገጫል፤ የእሽቅድምድም መኪናው ደግሞ መሬት ላይ ተጣብቆ ይታጠፋል። አንድን መኪና ባሌስትራው ሲነጥር አይቶ የሚለይ ሾፌር ይህን ደንብ ያለ አስተማሪ ያውቀዋል።

● የእሽቅድምድሙን ጀግና ማክኩዊንን ጭኖ የሚዞረው ማክ የ1985 ሞዴል ማክ ሱፐርላይነር ነው፤ ረጅም አፍንጫ ያለው። እ.ኤ.አ. በ1984 በቴሌቪዥን የጀመረው የ“ትራንስፎርመርስ” ካርቱን መሪ ኦፕቲመስ ፕራይም ግን ጋቢናው ሞተሩ ላይ የተቀመጠ፣ አፍንጫ የሌለው መኪና ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሕግ ታሪክ ነው። የአሜሪካ ሕግ ከነተሳቢው የሚለካውን የመኪና ጠቅላላ ርዝመት ይገድብ ስለነበር፣ አፍንጫ ማሳጠር ለጭነት ቦታ ማትረፍ ነበር። ገደቡ እ.ኤ.አ. በ1982 በትላልቆቹ አውራ ጎዳናዎች ላይ ሲነሣ ረጅም አፍንጫ ተመልሶ ገበያውን ያዘ።

● በ“ካርስ 3” (እ.ኤ.አ. 2017) ማክኩዊንን የሚያሠለጥነው አዛውንቱ ስሞኪ የ1940ዎቹ ሃድሰን ፒክአፕ ነው። የስሞኪ ወዳጅ ዶክ ደግሞ የ1951 ሃድሰን ሆርኔት ነው። ሆርኔት እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካው የናስካር ውድድር ከ34 እሽቅድምድሞች 27ቱን ያሸነፈ መኪና ነበር። ፋብሪካው ከተዘጋ ብዙ ዘመን ቢያልፍም ስሙን ዛሬ ልጆች የሚያውቁት በእነዚህ ሁለት አዛውንት ገጸ ባሕርያት ነው።

የኛንም መንገድ የሚያውቁ

● የ“ካርስ” ወታደር ሳርጅ የ1942 ሞዴል ዊሊስ ጂፕ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዊሊስና ፎርድ በአንድ ላይ ከ600 ሺህ በላይ ጂፕ አምርተዋል። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ ትጥቁን ያገኘው ከአሜሪካኖቹ ነበርና፣ አባቶቻችን የሳርጅን ቤተሰብ በጦር ሜዳ ያውቁታል።

● ሰላም ወዳዱ ፊልሞር የ1960 ሞዴል የቮልስዋገን ኮምቢ ነው። ታርጋው ላይ ያለው 51237 ድምፁን የሰጠው ኮሜዲያን ጆርጅ ካርሊን የተወለደበት ቀን ነው፤ ሜይ 12 ቀን 1937። ኮምቢ ሲያዩ የፊት መስታወቱን ልብ ይበሉ። መሐሉ ላይ በዘንግ ለሁለት የተከፈለ ከሆነ የጀርመኑ ፋብሪካ እስከ እ.ኤ.አ. 1967 ድረስ የሠራው የመጀመሪያው ዓይነት ነው።

● በ“ካርስ” ዓለም ውስጥ የሚበሩት ትንኞች እንኳ መኪኖች ናቸው፤ ክንፍ ያወጡ ጥቃቅን ቮልሶች። እ.ኤ.አ. በ1984ቱ “ትራንስፎርመርስ” ላይም ቢጫው ባምብልቢ ቮልስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007ቱ ፊልም ወደ ሸቭሮሌት ካማሮ ቢቀየርም በ2018 በራሱ ስም በተሠራው ፊልም የ1967 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ቮልስ ሆኖ ተመለሰ።

● ከዚያች መኪና ጋር የተያያዘ ትልቅ የአገር ታሪክም አለን። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት ቤተ መንግሥቱ ካሉት ታላላቅ አውቶሞቢሎች በአንዱ ሳይሆን በቮልስዋገን ነበር። ቮልስ በዓለም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ ወጥታለች። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ዛሬም ትነዳለች።

● ሉዊጂ የ1959 ፊያት 500 ሲሆን ሥራው ጎሚስታ ነው። ታርጋው 445-108 የፌራሪ ፋብሪካ ያለባትን ማራኔሎን በካርታ ላይ ያመለክታል፤ ኬክሮስ 44.5፣ ኬንትሮስ 10.8። የፊያት 500ንና የታላቅ እህቷን የፊያት 600ን ንድፍ ያወጣው አንድ መሐንዲስ ነው፤ ዳንቴ ጃኮዛ።

● ያቺ ታላቅ እህት፣ ሴይቼንቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 ለገበያ ወጥታ ለአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ሆና አገልግላለች። ቦታዋን የወረሰችው ላዳም ከፊያት ቤት የወጣች ናት። የሶቪየቱ ፋብሪካ የመጀመሪያዋን ላዳ የሠራት የፊያት 124ን ንድፍ መሠረት አድርጎ ነው። ስለዚህ የከተማችን ሰው ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በታክሲ የሄደው ከሉዊጂ ዘመዶች ጋር ነው።

● አንዳንዴ ነገሩ ይገለበጥና እውነተኛው መኪና ስሙን ከካርቱን ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1936 የወጣችውን የመጀመሪያዋን ፊያት 500 ጣሊያኖች ቶፖሊኖ አሏት፤ ሚኪ ማውስን የሚጠሩበት ስም ነው። በ“ካርስ 2” (እ.ኤ.አ. 2011) የሉዊጂ አጎት ሆና ወደ ካርቱን ተመልሳለች።

● የ“ካርስ” አያት ሊዚ የ1923 ሞዴል ፎርድ ቲ ናት። እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሊ በ1900 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃና ተራራ አቋርጦ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣው ሲድሊ አውቶሞቢል ከሊዚ በ15 ዓመት ያህል ይቀድማል።

● ማክኩዊን የሰበረውን አስፋልት፣ ቤሲ የተባለችውን ሬንጅ የምታነጥፍ ማሽን እየጎተተ እንዲያድስ ይፈረድበታል። የኛ ቤሲ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ነው። የአዲስ አበባ ሰው “የሰርኪስ ባቡር” ብሎ ሰይሞታል።

ካርቱን ያልተሠራለት ባለውለታ

● ኢትዮጵያን ለዐሥርት ዓመታት የመገበው የጭነት መኪና ፊያት 682 ነው፤ ሾፌሮቻችን “ኤንትሬ” የሚሉት። እ.ኤ.አ. በ1952 ወጥቶ እስከ 1980ዎቹ ድረስ ተመርቷል። አንድ ዓይነት መኪና ከ30 ዓመት በላይ ሳይቋረጥ የሚመረተው መንገዱም ባለቤቱም ሲመርጡት ነው።

● ኤንትሬን ከፊት ለፊት ያዩት እንደሆነ ከመሐል ተነሥቶ ወደ ግራና ቀኝ የሚዘረጋ የኒኬል ጌጥ አለው። ጣሊያኖች በዚሁ ምክንያት ባለ ጢሙ ይሉታል። ክብ መብራቶች፣ ሰፊ ግንባር፣ ጢም፤ ይህ መኪና ሠዓሊ ሳይነካው ፊት አለው።

● የዚያ ዘመን የጣሊያን ከባድ መኪኖች በጣሊያን መንገድ የሚነዳው በቀኝ ቢሆንም መሪያቸው በቀኝ በኩል ነበር። ምክንያቱ ተራራ ነው። ሾፌሩ ወደ መንገዱ ጠርዝ ተጠግቶ ስለሚቀመጥ ጎማው ከገደሉ አፍ ምን ያህል እንደራቀ በዓይኑ ያያል። አገራችን ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት የተሸጋገረችው በ1956 ዓ.ም. መሆኑን ያውቁ ኖሯል?

● የእነዚህ መኪኖች እውነተኛ ፈተና አማራ ክልል ውስጥ ነበር። ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚያልፈው የጣርማበር ዋሻ፣ ከደባርቅ ቁልቁል የሚጠማዘዘው ሊማሊሞ፣ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል የተሰነጠቀው የዓባይ በረሃ። በዓባይ በረሃ መኪናው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብቻ ያመነ ሾፌር ፍሬኑ ግሎ ይከዳዋል፤ ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተሩ መያዝ አለበት። ዛሬ በዚያ ሸለቆ ትራፊኩ የሚያልፍበት በጃፓን ድጋፍ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ2008 ነው አገልግሎት የጀመረው።

● እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የአገሪቱ ዋና የጭነት መስመር ከአሰብ ወደብ ይነሣ ነበር፤ አንዱ መንገድ በሚሌ፣ በባቲና በኮምቦልቻ አድርጎ ሽቅብ ይመጣል። መኪናው ከነተሳቢው ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ይወጣል። ጋቢናው ለሾፌሩና ለረዳቱ ቤታቸው ነበር። ምግብ የሚበሰለው ከመኪናው ሥር፣ እንቅልፍም እዚያው ነው።

● የአዲስ አበባ ሰው “አምቼ” ብሎ የሚያውቀው ፋብሪካ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1970 ከፊያት ጋር በተደረገ ስምምነት ነው። ፊያት የከባድ መኪና ሥራውን ወደ ኢቬኮ ካዛወረ በኋላ ፋብሪካው የኢቬኮን መኪኖች መገጣጠም ቀጥሏል።

● አንበሳ አውቶቡስም ሥራውን የጀመረው በ1930ዎቹ (ዓ.ም.) አጋማሽ ከጣሊያን ጦር በተማረኩ መኪኖች ነው። ወራሪ ወታደር ሊያመላልስባቸው ያመጣቸው መኪኖች የከተማውን ሕዝብ ወደ ሥራና ወደ ገበያ ማመላለስ ጀመሩ። ከካርቱን የሚበልጥ እንዲህ ያለ የሕይወት ታሪክ ያላቸው መኪኖች ናቸው የነበሩን።

ቆሼ

● በአየር ጤናና በዘነበወርቅ አቅራቢያ ያለው የቆሼ (ረጲ) የቆሻሻ መጣያ የአዲስ አበባን ቆሻሻ መቀበል የጀመረው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የመዲናዋ ቆሻሻ ጫኝ መኪኖች መጨረሻ ጣቢያ ሆኖ ኖሯል።

● የቆሻሻ መኪና ጀግና የሆነበት ካርቱን መኖሩን ያውቁ ኖሯል? “ትራሽ ትራክ” የተባለው ተከታታይ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2020 ወጣ። ሀንክ የተባለ የስድስት ዓመት ልጅና ወዳጁ የሆነ ትልቅ ቆሻሻ ጫኝ መኪና ታሪክ ነው። ፈጣሪው ማክስ ኪን ሐሳቡን ያገኘው ትንሹ ልጁ ለቆሻሻ መኪና ካለው ፍቅር ነው።

● ዎል-ኢ (እ.ኤ.አ. 2008) ሰው ጥሎት በሄደ ምድር ላይ ቆሻሻ እየጨመቀ እንደ ጡብ የሚደረድር ብቸኛ ማሽን ነው። እግሩ የታንክ ሰንሰለት ነው። ዓይኑን ዳይሬክተሩ አንድሩ ስታንተን የወሰደው ስታዲየም ተቀምጦ ካየበት የርቀት መነጽር ነው። ሆዱ ውስጥ ያለው መጭመቂያ ግን እውነተኛ ዘመድ አለው፤ በሃይድሮሊክ ቆሻሻ የሚጨምቀው “ጋርውድ” የተባለ መኪና እ.ኤ.አ. በ1938 ነው የወጣው። መጭመቂያው አንድ መኪና በአንድ ጉዞ የሚወስደውን ቆሻሻ እጥፍ አድርጎታል።

● በየሰፈሩ የምናየው የብረት ገንዳም የራሱ አባት አለው። ገንዳውን በመንጠቆ አንሥቶ መኪና ላይ የሚጭነውን ዘዴ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስፋፉት በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት የኖክስቪል ከተማ ዴምፕስተር ወንድማማቾች ናቸው። በአዲስ አበባ ሥራው ቅብብሎሽ ነው። በማኅበር የተደራጁ ሠራተኞች ቆሻሻውን ከየቤቱ በእጅ ጋሪ ሰብስበው ገንዳ ያደርሳሉ፤ ገንዳውን መኪናው ያነሣዋል።

● በ2008 ዓ.ም. የከተማው ቆሻሻ መኪኖች ፊታቸውን ወደ ሰንዳፋ አዙረው ነበር። የአካባቢው አርሶ አደሮች ስለ ውኃቸውና ስለ ከብቶቻቸው ሰግተው ስለተቃወሙ በዚያው ዓመት ወደ ቆሼ ተመለሱ።

● መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተንዶ በሥሩ የነበሩ ቤቶችን ዋጠ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ስለ ቆሼ መኪኖች የሚጻፍ ማንኛውም ጽሑፍ እነዚህን ወገኖቻችንን ሳያስብ ማለፍ የለበትም። አንድ ክምር ከሚችለው በላይ ሲጫንና ውኃ ሲጠጣ እንደሚንሸራተት መሐንዲስም ሾፌርም ያውቀዋል፤ ሰው ከሥሩ እንዲኖር መተው አይገባም ነበር።

● ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. በዚያው በቆሼ የረጲ ደረቅ ቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። የተሠራው በቀን እስከ 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ ውኃ በማፍላት፣ በእንፋሎቱ ተርባይን እንዲያዞር ነው። “ቶይ ስቶሪ 3” (እ.ኤ.አ. 2010) ያየ ልጅ አሠራሩን በከፊል ያውቀዋል። በፊልሙ አሻንጉሊቶቹ በቆሻሻ መኪና ተጭነው መጣያ ይደርሳሉ። ማግኔት ብረቱን እየለየ ያነሣል፤ የቀረው ወደ እሳቱ ይገፋል።

● ቆሼ ላይ ብረት ብዙ አይቆይም። ማግኔቱ ሰው ነው። በክምሩ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ብረቱን፣ ፕላስቲኩንና ጠርሙሱን ለይተው ይሸጣሉ፤ በየሰፈሩ ደግሞ ቁራሌው ገና ከቤት ሳይወጣ ይገዛዋል። አሮጌ መኪናም ሲወድቅ በዚሁ መንገድ ይሄዳል። የሚሠራው ዕቃ ተፈቶ መርካቶ ሶማሌ ተራ ይደርሳል፤ የማይሠራው ተቆራርጦ ለብረት አቅላጭ ፋብሪካ ይሸጣል። ብዙ ኤንትሬዎች ዛሬ ፌሮ ሆነው በሕንፃዎቻችን ምሰሶ ውስጥ ይገኛሉ።

አሮጌ መኪና ሲያዩ እንዴት ይለዩታል?

● ከአፍንጫው ይጀምሩ። ኮፈኑ ወደ ፊት የወጣ ነው ወይስ ጋቢናው ሞተሩ ላይ ተቀምጧል? ቀጥሎ የፊት መስታወቱን ይዩ፤ አንድ ወጥ ነው ወይስ ለሁለት የተከፈለ? ሦስተኛ መብራቱን፤ ክብ ነው ወይስ አራት ማዕዘን? በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ብቻ የዘመኑን ግምት ማግኘት ይቻላል።

● ቀለሙንና ሞተሩን አይመኑ። በአገራችን አንድ የጭነት መኪና በዕድሜው ሞተሩ፣ ማርሹ፣ ስፖንዳው፣ አንዳንዴም ጋቢናው ጭምር ይቀየራል። የማይቀየረው ሻንሲው ነው። ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥርና ሊብሬው ላይ የተጻፈው የምርት ዓመት ከተስማሙ የመኪናውን ማንነት አግኝተዋል።

● ሾፌሩን ይጠይቁ፤ በተለይ ሸበቶውን። የትኛውን መስመር ሠራ? ስንት ኩንታል ጫነ? የትኛው ዳገት ላይ ተፈተነ? ረዳቱ ማን ነበር? ፋብሪካ የማያውቀው የመኪናው ግማሽ ታሪክ ያለው እሱ ዘንድ ነው።

● ጊዜው አጭር ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። አገሪቱ ፊቷን ወደ ኤሌክትሪክ ማዞሯ ለሳንባችን መልካም ነው። ነገር ግን የሚወጣው ትውልድ መኪና ስሙ ሳይመዘገብ እንዳይወጣ መጠንቀቅ የኛ ፋንታ ነው።

ሜተር ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታወቀው አንድ ሰው ቆም ብሎ “ይህ መኪና ሞዴሉ ምንድን ነው? ምን ይሠራበት ነበር?” ብሎ ስለጠየቀ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚገባቸው መኪኖች በኮምቦልቻ ጋራዦች፣ በደጀን መንገድ ዳር፣ በሶማሌ ተራ ግቢዎች ቆመዋል። ለአኒሜሽን የሚነሡ ወጣቶቻችን መኪና ለመሣል ካንሳስ መሄድ አያስፈልጋቸውም፤ አባቶቻቸው የነዱት ባለ ጢሙ ኤንትሬ ሊማሊሞን ሲወጣ ቢሥሉት ይበቃል። አንባቢያን ሆይ፣ በግቢያችሁም ሆነ በሰፈራችሁ አሮጌ የጭነት መኪና ካለ ፎቶውን አንሡት፣ የሻንሲ ቁጥሩን ጻፉ፣ የሾፌሩን ታሪክ በስልካችሁ ቅረጹ። ቁራሌው ከመጥራቱ በፊት አድርጉት።